መልስ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው ፖርሽህን ሲከብብ

ደብረ ማርቆስ በቆምክ ቁጥር ሰው ፖርሽ 911ህን እየከበበ መውጫ ካሳጣህ፣ አስፋልት ዳር አትቁም። ግቢ ያለው ሆቴል ግባ፤ ለጥበቃው ቀድመህ ንገረው።

መስኮት ዘግተህ አትቀመጥ፤ ውረድና ሰላም በል። የፊቱን ኮፈን ክፈትላቸው። ሞተር ሲጠብቁ የሻንጣ ቦታ ሲያዩ የሚስቁትን ሳቅ በጣም ነው የምወደው! ሞተሩ ከኋላ መሆኑን አሳያቸው። አምስት ደቂቃ ፎቶ ከተነሱ ራሳቸው መንገድ ይከፍቱልሃል። ያማረ መኪና ሲያዩ ደስ ቢላቸው ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን አደራ። የዓባይን በረሃ ወጥተህ ደጀን ስትቆም ማርሚታው (ከኋላ ያለው የጭስ ማውጫ) ገና እሳት ነው። አንድ ሕፃን እጁን ሊያሳርፍበት ሲል ለጥቂት ነው የያዝኩት። ከኋላ በኩል አንተው ቁም። ሞተር ከማስነሳትህ በፊትም መኪናውን አንዴ ዙረው።