እናትም ትረፍ፦ የሐይቅ ዳር ጥያቄዎቻችሁ

የልጆች ፈተና ሊያልቅ ሲል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ሐይቅ ያዘነብላሉ። ሐዋሳ ስለምኖር የአዲስ አበባውም የአዳማውም አንባቢ ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ሲያስብ ለእኔ ይጽፋል። ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ የፈለጋችሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጸጥ ባለ መንደር ቤት መከራየት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የአዲስ አበባ አባት፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዳማ። ልጆቿ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይፈልጋሉ። አባታቸው ደግሞ "እኛም በልጅነታችን ዋኝተናል፣ ምን ሆንን?" ይላል።

መልስ፦ አይዋኙ። አባትየው ምንም አለመሆኑ እሰየው ነው፤ ለልጆቹ ግን ዋስትና አይሆንም። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ውሃው ዳር ባሉ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ለመያዝ መዋኘት አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ መቆምም ይበቃል። ሐይቁ ጉማሬም አለው። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ላይ ይመጣል። ከመሸ በኋላ ልጆች ዳር አይሂዱ። ዋና ካማራቸው የሆቴል መዋኛ አለ፤ መንገድ ላይም ላንጋኖ አለላችሁ። ለእናንተ ለአዳማዎቹማ ሶደሬ ደጃችሁ ነው። ልጆቹ ከዚህ በፊት ሐይቁ ውስጥ ገብተው ከሆነ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሰገራ አስመርምሩ። "ደህና ናቸው" ብላችሁ አትለፉት። ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን አለ።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ልንመጣ ነው፤ ዓሣ መብላት ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ይሄ የንስሐ አባትዎ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካለች። ባለቤቷ ሐይቁ ዳር ወጥ ቤት ያለው ቤት ለ5 ቀን ሊከራይ ነው። "ከሆቴል ይረክሳል፣ ምግቡን እዚያው እንሠራለን" ብሏል። የሚመጡት 9 ሰዎች ናቸው፤ አማቷም አሉበት። የጠየቀችኝ ምን ምን ዕቃ መያዝ እንዳለባት ነው። ዝርዝሩን ጀምራዋለች፦ ምጣድ፣ ሁለት ድስት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ረከቦት።

መልስ፦ እህቴ፣ ዝርዝርሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለራስሽ የሚሆን አንድም ነገር የለበትም። "እንሠራለን" ሲባል የሚሠራው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ልጅ ሳለሁ ቤተሰባችን ላንጋኖ ሄዶ 4 ቀን ቆየ። እኛ ልጆቹ አሸዋ ላይ ስንንከባለል እንውላለን። አባባ ከወንድሞቹ ጋር ካርታ ይጫወታል። እማዬ ከጓዳ አልወጣችም። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ወጥ፣ ማታ ሌላ ወጥ፣ በመሃል ቡና። ሐይቁን ቁጭ ብላ ያየችው በመመለሻችን ቀን፣ በመኪናው መስኮት፣ የተረፈውን ወጥ ከነድስቱ ጭኗ ላይ ይዛ ነው። "እንዴት ያምራል!" አለች። ማናችንም አልመለስንላትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምጣዱን ቤት ተይው። እንጀራ ከተማ ስትደርሱ ግዙ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይላችኋል። ምሳ ዓሣ ይሁን። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ታገኛላችሁ። እዚያው ጠብሰው ከዳጣ ጋር ያቀርቡላችኋል፤ ሾርባውም አያምልጣችሁ። ጥሬውን ግን ለልጆች አትስጡ። አንድ ቀን ደግሞ ቡርሳሜ ብሉ። ቆጮ በቅቤ ተለውሶ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ የሚቀርብ የሲዳማ ምግብ ነው፤ ከእርጎ ጋር ልዩ ነው። ለቁርስ ዳቦ፣ ሻይ፣ ሙዝና አቮካዶ ይበቃል። ጭኮና ዳቦ ቆሎ ከቤት ያዙ፤ ልጆች በየሰዓቱ "ራበኝ" ሲሉ ራሳቸው አንስተው ይበላሉ። ማታ ትኩስ ምግብ የግድ ነው ከተባለ፣ አከራዩን ጠይቁና ከመንደሩ የምትሠራላችሁ ሴት ፈልጉ። ዋጋዋን አትከራከሯት።

ከባልሽ ጋር የምትነጋገሪው ግን ከመነሳታችሁ በፊት ይሁን። እዚያ ዘመድ በተሰበሰበበት ከተነሳ ጠብ ይመስላል። ስለ ብር አታውሪ። "እኔስ መቼ ነው የማርፈው?" ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ፤ እሱ ይመልስ። ሰሃኑን ጎረምሶቹ ይጠቡ። ቡናውን አንድ ቀን እሱ ያፍላ። አማትሽንም ቀድመሽ አማክሪያቸው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ጭስ ውስጥ ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ ከማንም በላይ የሚገባቸው እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ማንም አይጥራሽ። ቤቱ በሐዋሳ በኩል ባለው ዳር ከሆነ፣ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከሐይቁ ማዶ ፊት ለፊትሽ ነው። ከፈለግሽ አማትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጦጣ ልጄን ቢቧጭራትስ?

መልስ፦ ምግብ በእጇ ይዛ አትዙር፤ ጦጣው የሚመጣው ለእሱ ነው። ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። የእብድ ውሻ በሽታ ከጦጣም ሊይዝ ይችላል፤ ለነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ ሰው የማይበዛበት ጊዜ መቼ ነው?

መልስ፦ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው ይሞላል። ለጸጥታ ከሆነ ከሁለቱም ራቁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲሆንም በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሰው በሰው ነው። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል። እሱን ግን አትሽሹት። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ልጆቻችሁ "አይዴ ጨምበላላ!" ማለት ተምረው ይመለሱ። ከዚያ ውጭ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምረጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ የ5 ወር ነፍሰ ጡር የሆነች አንባቢ፣ በኅዳር ሊመጡ አስበዋል። "ሐዋሳ ቆላ አይደለም፤ ወባ አለ እንዴ?" ይላል።

መልስ፦ አለ፣ ወንድሜ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ዋናው ጊዜው ደግሞ ከክረምቱ ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ኅዳር መሃሉ ላይ ነው። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል፤ ጽንሱንም ይጎዳል። ክትትል ወደምታደርግበት ሐኪም አብራችሁ ሂዱና "ሐዋሳ ልንሄድ ነው" ብላችሁ አማክሩ። ይህን ለወጉ አይደለም የምልህ፤ ሐኪሙ "ቆዩ" ካለ ቆዩ። ከፈቀደ አጎበር ይዛችሁ ኑ፤ ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ወር ቢያልፈውም እንኳ፣ "ጉንፋን ነው" ሳትሉ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ሐዋሳ እንደነበራችሁም ተናገሩ።

ጥያቄ፦ መኪናችንን ሐይቁ ዳር ብናጥብስ?

መልስ፦ እባካችሁ! ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ሳሙናውም ዘይቱም እዚያው ይቀራል። ማታ የምትበሉት ዓሣ እዚያ ውስጥ ነው የሚያድገው። ከተማው ውስጥ መኪና እጥበት ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ለልጆች ጀልባ ስንት ሰዓት ላይ ይሻላል?

መልስ፦ ጠዋት። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይጨምራል። በልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ ግን በየትኛውም ሰዓት አትሳፈሩ። ባለ ጀልባው ጉማሬውን ቀርቦ ሊያሳያችሁ ቢል "ከሩቅ ይበቃናል" በሉት።