ዓይኑን የማይሻማ መጫወቻ

እህቴ፣ «የ4 ዓመት ልጄ አይሰማም፤ ታብሌት ልግዛለት ወይስ የሚበራና የሚነዝር መጫወቻ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ አሁን 7 ዓመቱ ነው፤ ሲወለድም አይሰማም ነበር።

እኔም በታብሌት ነው የጀመርኩት። ልጁ ስክሪኑ ላይ ፈዞ ቀረ። የሚሰማ ልጅ እየተጫወተ «ቀዩን አምጣ» ቢሉት ዓይኑን ሳያነሳ ይሰማል። የኔ ልጅ ግን የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው። እዚያ ካፈጠጠ እጄን አያይም። የሚበራ መጫወቻም ያው ነው። ንዝረት ግን እጁ ላይ ይቀራል፤ ዓይኑ ለኔ ይተርፋል።

ሞባይል የሚጠግን የጎረቤት ልጅ ነው የገላገለን። ከሞቱ ስልኮች ሁለት የቫይብሬሽን ሞተር አወጣ። ጫፉ ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላ ክብደት ያለው ሚጢጢ ሞተር ነው፤ ሲሽከረከር የሚነዝረው ለዚያ ነው። ሁለት ቁራጭ ጣውላ፣ በየጣውላው አንድ ሞተርና አንድ ቁልፍ፣ ረዘም ያለ ሽቦ፣ ሁለት የሪሞት ድንጋይ። እኔ ስጫን እሱ ጋ ይነዝራል፣ እሱ ሲጫን እኔ ጋ። በቃ!

መጀመሪያ ዝም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሦስቴ ይጫናል፣ እኔ በምልክት «ሦስት» እለዋለሁ፤ ቀና ብሎ ያየኛል! የብሎካችን ልጆችም አይተው መጡ። ደረጃው ላይ በተራ ይጠራሩበታል። አንዷማ ስሙን በእጅ ፊደል መጻፍ ለምዳለች። (ለ፣ ሉ፣ ሊ ሲባል የእጁ ቅርጽ ያው ሆኖ እንቅስቃሴው ነው የሚለየው። ልጆች ከኛ ቀድመው ይይዙታል።)

ከውጭ የሚልክልሽ ሰው ካለ፣ ማይክሮቢት የምትባል፣ 4 በ5 ሴንቲሜትር የምታህል፣ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ፕሮግራም ተጽፎላት የምትታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለች። 25 ትንንሽ መብራት፣ ሁለት ቁልፍ፣ ስትነቀነቅ የሚያውቅ ሴንሰር አላት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ማይክሮፎንም ጨምራለች፤ ልጁ ድምፅ ሲያወጣ መብራቱ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ደስ ይላል፣ ግን ያው ዓይን ትሻማለች።

እንደ ሳንቲም ክብ ጠፍጣፋ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበትን፣ ክዳኑ በብሎን የማይታሰር መጫወቻ አደራ እንዳትገዢ። ልጅ ድንጋዩን ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ሊያቃጥል ይችላል።

የስልክ ሞተር ሽቦ ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ በሙቅ ሙጫ አስይዢው። የኛ ሦስቴ ተበጥሷል። አሁንማ ሲበጠስ ልጁ ራሱ ጣውላውን አንጠልጥሎ ጠጋኙ ጋ ይወርዳል።