ላፕቶፔ ኤስኤስዲውን አላይም አለኝ፦ ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር መጠገን እንጀራዬ ከሆነ ቆየ። ሰሞኑን የሚመጣብኝ ነገር ግን አንድ ዓይነት ሆነ፦ «ትናንት ደህና ያደረው ላፕቶፕ ዛሬ ኤስኤስዲው ጠፋ»። ኤስኤስዲ ማለት ዊንዶውሱና ፋይላችሁ የሚቀመጡበት ማከማቻ ነው። በሉ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፔን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ይላል። ኤስኤስዲው ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው፣ ለቅሶ አትቀመጥ። ጽሑፉ የሚልህ «የምነሳበት ነገር አላገኘሁም» ብቻ ነው። ማሽኑ ኤስኤስዲውን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ወይም ያየዋል፣ ውስጡ ያለውን ዊንዶውስ ማስነሳት ግን አቅቶታል። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ባዮስ ግባ፤ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ ነው። አጥፍተህ ስታበራው ቁልፉን ደጋግመህ ንካ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ዲሊት ነው። የኤስኤስዲው ስም እዚያ ከተጻፈ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሴቲንግ ወይም የዊንዶውስ ነው። ስሙ ከሌለ ወደ ዕቃው ራሱ እንሄዳለን። ከዚህ በታች ለምትጠይቁኝ ሁሉ መጀመሪያ የማነሳው ይህንኑ ነው፦ ባዮስ ያየዋል ወይስ አያየውም?

ጥያቄ፦ የእኔን አያየውም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ በቻርጀር ነው የምሠራው። ማታ እየሠራሁ መብራት ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ኤስኤስዲው የለም።

መልስ፦ ይህ አገር ውስጥ በብዛት የማየው ጉዳይ ነው። ኤስኤስዲ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት የራሱ ካርታ አለው። እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ካርታው ሊዛባ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲበራ ራሱን ለማስተካከል ይታገላል። እስኪጨርስ ድረስ ባዮስ ሲጠራው «አቤት» አይልም። አንተ ደግሞ ስትደነግጥ ቶሎ ቶሎ ታጠፋዋለህ፣ ሥራው በየጊዜው ከመሃል ይቆረጣል።

ስለዚህ ታገሠው። ባዮስ ውስጥ ግባና 20 ደቂቃ ያህል እንደበራ ተወው። አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀልና 30 ሰከንድ ጠብቅ። አንድ ጊዜ ድገመው። ክሩሻል የተባለው አምራች ራሱ ለደንበኞቹ የሚመክረው ዘዴ ነው። ሁልጊዜ ይሠራል አልልህም፤ ግን አንድ ብር አያስወጣህም። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ሰዓት ብቻ እንዳትሞክረው።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔን ከፍቼ አቧራ ካጸዳሁ በኋላ ነው የጠፋው። ምን ነካሁ?

መልስ፦ ኬብሉን ነክተሽው ነው፣ እኅቴ። ሳታ የሚባለው በገመድ የሚያያዝ ኤስኤስዲ ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱ ለዳታ፣ አንዱ ለኃይል። ከኃይል ንቀዪውና ሁለቱንም አውጥተሽ መልሰሽ ስኪ። ካልሆነ የዳታውን ገመድ ቀይሪ፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቦታ ሞክሪ። ገመድ ርካሽ ነው፤ እሱን ሳይቀይሩ አዲስ ኤስኤስዲ የገዙ ስንት ሰዎች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኤም.2 ኤስኤስዲ ላከልኝ። ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ገባ፣ ግን ባዮስ አያውቀውም።

መልስ፦ መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው ሁለት ነው። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው። ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ማዘርቦርድ አንዱን ብቻ ነው የሚሰማው። የወርቃማውን ጥርስ ጫፍ እይ። ሁለት ቦታ የተሸረፈው ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ የተሸረፈው ኤንቪኤምኢ። ከላፕቶፑ ሞዴል ጋር አስተያይ። የማይገጥም ከሆነ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ለሌላ ሰው ይሆናል። ሌላ ጊዜ ወንድምህ ከመግዛቱ በፊት የድሮውን ፎቶ አንሥተህ ላክለት።

ጥያቄ፦ የእኔን ባዮስ ያየዋል። ዊንዶውስ ልጭን ስል ግን «ምንም ድራይቭ አላገኘሁም» ይለኛል።

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው? ከሆነ ባዮስ ውስጥ ያለው ቪኤምዲ የሚባለው ሴቲንግ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሲበራ የዊንዶውስ መጫኛው ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ኤስኤስዲውን አያይም። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርደህ ፍላሽ ላይ ፍታው፤ መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» ብለህ ስጠው። ቪኤምዲውን ማጥፋትም ይሠራል። ግን ዊንዶውስ ቀድሞ የተጫነበት ማሽን ላይ ዝም ብለህ አታጥፋው፤ ሰማያዊ ስክሪን ትጋብዛለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስብኛል፣ አሁን ደግሞ ዊንዶውስ አልከፍትም አለ።

መልስ፦ አባቴ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። እሷ ስትደክም ባዮሱ ሴቲንጉን ሁሉ ይረሳል። ዊንዶውስ የሚነሣበት መንገድ (ቡት ሞድ) ሁለት ነው፦ የድሮው ሌጋሲና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ዊንዶውሱ በሌጋሲ የተጫነ ሆኖ ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ከተመለሰ አይነሣም። ባትሪዋን ያስቀይሩ፣ ቡት ሞዱን ወደ ነበረበት ይመልሱ። ኤስኤስዲዎ ምንም አልሆነ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባዮስ ውስጥ የኤስኤስዲዬ ስም ተቀይሮ «ሳታፈርም ኤስ11» ይላል። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፋይሰን ኤስ11 የሚባለው የኤስኤስዲ መቆጣጠሪያ ቺፕ ፈርምዌሩ (ቺፑን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ሲበላሽበት የሚያወጣው ስም ነው። ፈርምዌሩን እንደገና ጭነው ዕቃውን የሚያስነሡ አሉ፤ ዕቃው ይመለሳል፣ ዳታው ይሄዳል። ዳታው ካስፈለገህ ማንም እንዳይነካው።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ነው። ሱቅ ብወስደው «ፎርማት እናድርገው» አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ እንቢ በይ። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ተማሪ ላይ ይህን አድርጌበታለሁ፤ የልጁ ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ከድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ከፎርማት በኋላም ብዙ ጊዜ ፋይል ይወጣ ነበር። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል አሠራር አለ፤ የተሰረዘውን ቦታ ኤስኤስዲው ራሱ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ባለሙያም አያወጣው።

ባዮስ የሚያየው ከሆነ አስወጥተሽው በሚስማማው የዩኤስቢ ቤት (ኤስኤስዲውን እንደ ፍላሽ የሚያሰካ መያዣ) ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስኪው። «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀሽ ካንስል። ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቀ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ነው፤ ቁልፉን በማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ፈልጊው። ባዮስም ካላየው ዳታ ማውጣት ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ፍሪዘሩን ለሥጋ ተወው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ መብራት የጠፋብኝ ልጅ ነኝ። ሁለተኛው 20 ደቂቃ ላይ ተነሣ!

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ! አሁን ሪስታርት አታድርገው፣ ፌስቡክም አትክፈት። ፍላሽ ስካና ሰነድህን ገልብጥ፣ ከዚያ ፎቶህን። መብራቱ ገና አለ አይደል?