ኮርማው ክረምቱን ከበሬዎቹ ጋር ይክረም

ከምሥራቅ ጎጃም አንድ አርሶ አደር እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «አምስት ላሞችና ሁለት ጊደሮች አሉኝ። ጥጆች እየሞቱብኝ ተቸግሬያለሁ። ዘንድሮ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሦስት ተወለዱ፤ ሁለቱ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ። እናቶቹም ወተት የላቸውም። አምና ሐምሌ የተወለደችው ግን ደኅና ነች። ኮርማዬ ጎበዝ ነው፣ ከላሞቹ ጋር ነው የሚውል የሚያድረው። ምን መድኃኒት ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ይቆይ። መልሱ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች ናቸው የነገሩኝ። አንዱ የሐምሌዋ ጥጃ ደኅና መሆኗ ነው። ሌላው ኮርማው ዓመቱን ሙሉ ከላሞቹ ተለይቶ አለማወቁ። በረቱ ያው፣ ላሞቹ ያው፣ ኮርማውም ያው። የተለየው ወሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከበሽታ በፊት ረሃብን ነው የምጠረጥረው።

ላም ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ግድም፣ በቁጥር 283 ቀን አካባቢ ትሸከማለች። በጋውን ስትከሳ የከረመች ላም ሰኔ ላይ ሳር ቀምሳ ትንሽ ሥጋ ሲይዛት ኮርማ ትፈልጋለች። ኮርማው ደግሞ አጠገቧ ነው። ሐምሌ 1 በኮርማ ከተጠቃች ሚያዝያ 9 ገደማ ትወልዳለች። ፅንስ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እነዚያ ወራት ታዲያ ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ናቸው፤ ጭዱ እያለቀ፣ ግጦሹ አፈር ሆኖ። እንዲህ የከረመች ላም የምትወልደው ጥጃ ደካማ ነው። እንገሯም ጥቂት ነው። ጥጃው ጡት ይጎትታል፣ የሚወርድ ነገር የለም። ትንሽ ተቅማጥ ከያዘው አይነሳም። መጋቢት ላይ የሞተው ጥጃ ችግሩ የጀመረው ገና ክረምት ላይ፣ እናቱ የተጠቃች ቀን ነው።

እንግዲህ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስቀል ኮርማውን ከላሞቹ ይለዩት። መስቀል ላይ ይልቀቁት። ያን ጊዜ ላሞቹ ክረምቱን ግጠው ሰውነታቸው ተመልሷል። መስከረም 17 የተጠቃች ላም ሰኔ 30 ገደማ ትወልዳለች፤ ሳሩ ደርሶ ይጠብቃታል። እስከ ኅዳር መጨረሻ አብሯቸው ይቆይ። ላም በ21 ቀን አንዴ ኮርማ ስለምትፈልግ፣ እያንዳንዷ ቢያንስ ሦስት ዕድል ታገኛለች። ከኅዳር በኋላም ቢለዩት ደስ ይለኛል። ካልሆነልዎ ግን ክረምቱን ብቻ ያጥብቁ፤ በበጋ የከሳች ላም እምብዛም ኮርማ አትፈልግም።

የት ላቆየው ይሉኛል። አዲስ ቤት አይሥሩ። ከበሬዎችዎ ጋር ያድርጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። በየቀበሌው ስዞር የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ኮርማ ይለይ ሲባል በአጭር ገመድ አንገቱን አስሮ፣ ጓሮ ጭቃ ውስጥ ለብቻው ማቆም የተለመደ ነው። ከብት ብቻውን መሆን አይወድም። ላሞቹን እያሸተተ፣ እየጮኸ፣ መሬቱን እየዛቀ ይውላል። ይከሳል፣ ሰኮናው በጭቃ ይበሰብሳል፣ ጠባዩም ይበላሻል። አንድ ቀን ገመዱን በጥሶ ልጅ ይወጋል። ከዚያ «ኮርማ መለየት አይሆንም» ይባላል። የማይሆነው እንዲያ አድርጎ መለየቱ ነው። የተኮላሸ በሬ አጠገቡ ካለ ግን ይረጋጋል። አብሮት ይተኛል፣ አብሮት ያመሰኳል።

የእሱንና የበሬዎቹን በረት ከላሞቹ ራቅ አድርገው፣ ቢቻል በቤቱ ሌላ ወገን ይሥሩት። ትንሽ ተዳፋት ቦታ ይምረጡ፣ ውኃ እንዳይተኛበት። የባሕር ዛፍ ቋሚ ጥልቅ አድርገው ይትከሉ፤ አግድም አራት አምስት ረድፍ ይምቱበት፣ ከፍታው የሰው ደረት ይድረስ። መመገቢያ ገንዳው ዙሪያና በሩ ላይ ድንጋይ ያንጥፉ፤ ጭቃው የሚብሰው እዚያ ነው። የበረቱን ግማሽ በሣር ይክደኑት። ኮርማው ሞፈር የለመደ ከሆነ ከበሬዎቹ ጋር ይረስ፣ ይጠቅመዋል። ካልሆነ ከድንበርና ከቦይ ዳር የታጨደ ሳር ጠዋትና ማታ ይቅረብለት፣ ውኃም አይጥፋበት። ርቦት መስቀል ከደረሰ ሥራው ላይ ይሰንፋል። ለትንሽ ልጅ ግን አይስጡት፤ ኮርማ የሚነዳው ትልቅ ሰው ነው።

የጋራ ግጦሽ ላይ የጎረቤት ኮርማ ይኖራል። ያንን ብቻዎን አይችሉትም። ከሰኔ በፊት የግጦሹን ተጋሪዎች ያነጋግሩ። ለዘር የማይፈለጉትን ወይፈኖች የእንስሳት ጤና ባለሙያው በቡርዲዞ፣ ማለትም የዘር ገመዱን ከቆዳው ላይ በሚጨፈልቀው መቆንጠጫ፣ ያኮላሽላችሁ፤ ቆዳ ስለማይቆረጥ በክረምትም ቁስል አያመጣም።

አንድ ነገር አልደብቅዎትም። በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ ዝግጁ የሆነች ላም እስከ መስቀል ትጠብቃለች። ሦስት ወር ተኩል ግድም ነው፣ ያስቆጫል። ከሞተ ጥጃና ከደረቀ ጡት ጋር ያመዛዝኑት። የክረምት ጥጃም የራሱ ፈተና አለው፣ ብርድና ጭቃ። ደረቅ ጥግ ይኑረው፣ ጭድ ይነጠፍለት። እንገሩን ደግሞ እንደተወለደ ወዲያው ይጥባ፤ ለቤተሰብ የሚቀዳው እሱ ከጠገበ በኋላ ነው።

ላም ጊዜዋ ሳይደርስ ከጣለች ግን ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ ሳይነኩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

የሁለቱን ጊደሮች ነገር አልነገሩኝም። ዕድሜያቸው ስንት ነው? አባታቸውስ ይኸው ኮርማ ነው? ከሆነ መስቀል ላይም አብረው አይለቀቁ፤ ለእነሱ የሌላ ሰው ኮርማ ይፈልጉላቸው። አሁን ግንቦት እያለቀ ነው። በረቱን በዚህ ሳምንት ይጀምሩት፣ ስለ ጊደሮቹም ይጻፉልኝ።