መልስ፦ የብረት እጥረት ምላስን ለምን ያቃጥላል?
እህቴ፣ «የደም ማነስ ከምላስ ማቃጠልና ከከንፈር ጥግ መሰንጠቅ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ላልሽው፣ በደንብ ይገናኛል፤ የደም ማነስን ከሚያመጡት አንዱ የብረት እጥረት ነውና።

የአፍ ውስጥ ሽፋን ሴሎች ቶሎ ቶሎ ይታደሳሉ፤ አሮጌው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ተራግፎ በአዲስ ይተካል። አዲስ ሴል ሲሠራ ዲኤንኤ መባዛት አለበት፤ የዲኤንኤን ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ደግሞ ያለ ብረት አይሠራም። ስለዚህ ብረት ሲያንስ መራገፉ ይቀጥላል፣ ምትኩ ግን ይዘገያል፤ ሽፋኑም ይሳሳል።

እስቲ ምላስሽን በመስታወት እዪው። ላዩን ሻካራ የሚያደርጉት ጥቃቅን ጉጦች ጠፍተው ልሙጥ፣ ቀላ ያለና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ትኩስ ነገር የሚያቃጥልሽ ለዚህ ነው። በተሰነጠቀው የከንፈር ጥግ ደግሞ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በቀላሉ ይራባል፤ ያኔ ተራ ቅባት አያድነውም፣ ፀረ ፈንገስ ያስፈልጋል።

ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ብቻ አታስለኪ። የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን ቀድሞ ስለሚወርድ እሱም ይታይ። የቫይታሚን ቢ12 እና የፎሌት (ቫይታሚን ቢ9) እጥረትም ምላስን እንዲሁ ስለሚያለሰልስ አብሮ ይመርመር።

ፌረስ ሰልፌት በተባለው 325 ሚሊግራም የብረት እንክብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ብረት 65 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሐኪም ካዘዘልሽ በባዶ ሆድ በውኃ ውሰጂው፤ ሻይ፣ ቡና፣ ወተትና የጨጓራ ማስታገሻ አታስጠጊው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ምላሳቸው ሲሻላቸው ማቆማቸው ነው፤ ሄሞግሎቢን ከተስተካከለም በኋላ ክምችቱ እስኪሞላ 3 ወር ያህል ይቀጥላል። ብረቱ ለምን እንዳነሰም ይፈለግ፤ የወር አበባ መብዛት ወይም የጨጓራና የአንጀት መድማት ሊሆን ይችላል።

ምግብ ጉሮሮሽ ላይ የሚቆም ከሆነ ወይም ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ታዪ።