ኬሞ ላይ ሆኖ መሮጥ ይቻላል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከካንሰር ታካሚዎች ጋር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሯጭ ነኝ፣ ያውም ቀርፋፋ። ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ጎረፈልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የሚያክማችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ ምንም እንዳትጀምሩ፤ ይህን በየመልሱ አልደግመውም።

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ኬሞ ጀምሬያለሁ። ድሮ በሳምንት አራት ቀን እሮጥ ነበር። ባለቤቴ «አርፈሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ» ይለኛል። ማን ነው ልክ?

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ባለቤትሽ ከፍቅር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልኩ አንቺ ነሽ። የኬሞ ድካም በመተኛት ብቻ አይወጣም። ብዙ ከተኛሽ ጡንቻሽ ይሟሽሻል፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት ራሱ ሥራ ይሆንብሻል። የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ2019 ያወጡት ምክር ከባድ አይደለም፦ በሳምንት 3 ቀን፣ 30 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ። ይህ ድካምንም ጭንቀትንም ይቀንሳል። መካከለኛ ማለት እያወራሽ የምትሄጂበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ፍጥነት ነው።

የድሮ ሰዓትሽን ግን እርሺው። አሁን የምትወጪው ለመሻሻል ሳይሆን ያለሽን ላለማጣት ነው። አምስት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ እንደገና እርምጃ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ውጪ። ሲያይሽ ይረጋጋል፤ ቦርጭ ካለውም አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱን በወሰድኩ በስንተኛው ቀን ልውጣ?

በየ21 ቀኑ የምትወስዱ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ከበሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ብቻችሁን መራመድ ችግር የለውም፤ ጂምና ዋና ግን ይቅር። ሙቀታችሁ 38 ከገባ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፤ ፓራሲታሞል ውጦ «ይነጋል» ማለት የለም። ሦስተኛው ሳምንት ብዙውን ጊዜ የናንተ ነው፤ ዱብ ዱቡን ለሱ አቆዩት።

ቀዩን መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) የምትወስዱ ደግሞ፣ ልብ ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ውጤታችሁን ጠይቁ። ደረት ከጨነቃችሁ ወይም ልባችሁ ያለ ሥርዓት ከመታ ወዲያው ቁሙ።

ጥያቄ፦ እንጦጦ መውጣት ናፍቆኛል። ሄሞግሎቢኔ (ኦክሲጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) 8.5 ነው ተባልኩ።

እንጦጦ ይቆይህ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ፣ ኦክሲጅን የሚሸከመው ደምህም ያነሰ ነው። ሜዳ ላይ በእርምጃ ቆይ። ከ8 ከወረደ እርምጃውንም ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትቀጥል።

ጥያቄ፦ ፓክሊታክሴል የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ ይደነዝዛል። ጫካ ውስጥ ለስላሳ ስለሆነ እሱ አይሻለኝም?

አይሻልሽም። ለጤነኛ እግር ጫካ ገነት ነው። የደነዘዘ እግር ግን የባሕር ዛፍ ሥርን የሚያውቀው ከወደቁ በኋላ ነው። ደልዳላ ሜዳ ፈልጊ። ጫማሽን ከማጥለቅሽ በፊት እጅሽን አስገብተሽ ዳስሺ፤ ጠጠር ቢኖር እግርሽ አይነግርሽም። ስትመለሺ ካልሲሽን አውልቀሽ የእግርሽን መዳፍና የጣቶችሽን መሃል በደንብ እዪ። የምትታጠቢበትን ሙቅ ውኃ በክርንሽ ለኪው። ድንዛዜው ከባሰ ለሐኪምሽ ተናገሪ፤ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ ይችላል። «እችለዋለሁ» ብሎ መደበቅ ጀግንነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሃለር በስድስት ወር ተመልሶ የለ እንዴ? እኔ ለምን አልችልም?

ያኔ ለዶርትሙንድ ይጫወት የነበረው እግር ኳስ ተጫዋች ሴባስቲያን ሃለር የዘር ፍሬ ካንሰር እንዳለበት የታወቀው ሐምሌ 2022 (በፈረንጆቹ) ነው። ጥር 2023 ሜዳ ገባ። የመጀመሪያ የሊግ ጎሉንም ለክለቡ በዓለም የካንሰር ቀን አገባ፤ በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜን ወሳኝ ጎል። ደስ ይላል! ግን ግጥሚያ የገባው ሁለት ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ኬሞውንም ጨርሶ ነው። ዙሪያውንም የክለብ ሐኪሞችና አሠልጣኞች ነበሩ። አንተ ገና መሃሉ ላይ ነህ፣ ታክሲ ተጋፍተህ ነው ሆስፒታል የምትደርሰው። በሱ ሰዓት ራስህን አትለካ።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነኝ። ለሐምሌው የሐበሻ የእግር ኳስ ቶርናመንት ልጫወት? ደረቴ ላይ ፖርት (ከቆዳ ሥር የተቀበረ የመድኃኒት መስጫ) አለ።

ወንድሜ፣ በክርን አንዴ ቢመቱህስ? ፖርቱ እስኪወጣ ግጥሚያ አትግባ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትህ ከ50,000 በታች ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ግጭት ያስፈራል። ኳስ ማቀበል፣ ሜዳውን መዞር ይቻላል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳኛ መሳደብም ስፖርት ነው።

ጥያቄ፦ እየጾምኩ ልሮጥ?

ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ባዶ ሆድ ግን አትውጪ። በዚህ ጊዜ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል፤ እንቁላል ካልሆነ ሽሮና ምስር በርከት አድርጊ።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ መግባት እፈልጋለሁ። እብደት ነው?

አይደለም፤ ግን ካላንደርሽን አውጪ። ሩጫው የሚውለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ውስጥ ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አትግቢ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከዋለና የደም ምርመራሽ ጥሩ ከሆነ በእርምጃ ሞክሪው። ከኋላ ጀምሪ፣ ከፊት ይገፋሉ። የሚሸኝሽ ሰው ይኑር፤ 10 ኪሎ ሜትሩን ካልጨረስሽም መንገድ ላይ ወጥተሽ ወደ ቤት። ኋላ ያለው ሰው ግማሹ ለጭፈራ የመጣ ስለሆነ ቀስ ማለትሽን ማንም ልብ አይልም።