ግንባሬ ዳር ያለው ፀጉር እየሸሸ ነው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በሂውማን ሄር ሹሩባ ስሠራ ቆይቻለሁ። ግንባሬ ዳርና ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር ሳስቶ አሁን ቆዳው ይታያል። ከአምስት ወር በፊት ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ሳበጥረው ከመላው ራሴ በእፍኝ ይወጣል። ጎረቤቴ «ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ተቀቢ» አለችኝ፤ ሌላዋ ካልተተከለልሽ አይሆንም ትላለች። ልጄን አጠባለሁ። የባለቤቴም አናት እየሳሳ ነው፤ አብረን ብንቀባስ?

መልስ፦ እህታችን፣ እርስዎ ላይ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ጊዜ ደርሰዋል። አንዱ ራሱ ይቆማል፤ ሌላው ግን ጉተታው ካልቆመ አይቆምም።

በእፍኝ የሚወጣው የወሊድ ነው። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር በሆርሞን ምክንያት ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ ከ2 እስከ 4 ወር በኋላ የተጠራቀመው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ከታይፎይድ ወይም ከከባድ ወባ በኋላም እንዲሁ ይሆናል። ሥሩ ስላልሞተ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይተካል። ደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባት ካለ ግን ይጓተታል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢ ምርመራ) ይመርመሩ። የብረት እንክብል ከታዘዘልዎ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቀው ይውሰዱት፤ ቡናው ላይ ከተዋጠ ብዙው ሳይገባ ይቀራል።

የግንባርዎ ዳር ግን የሹሩባ ጉዳት ነው። የተጨመረው ፀጉር ክብደትና የጥብቀቱ ጉተታ ቀንና ሌሊት ሥሩን ያስቆጣል፤ ለዓመታት ከዘለቀ ሥሩ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ከሆነ በኋላ የትኛውም ቅባት አያበቅለውም። በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆመው የሳሳውን ቦታ በደንብ ይዩት። ቀጫጭን አጫጭር ፀጉሮችና ነጠብጣብ ቀዳዳዎች ካሉ ተስፋ አለ። ቆዳው ለስልሶ የሚያብረቀርቅና ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ሥሩ ሞቷል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሕክምና ሹሩባውን መፍታት ነው። መድኃኒት እየቀቡ ጥብቅ ሹሩባ መቀጠል ገንዘብ መጣል ነው። ቢያንስ ለስድስት ወር ሂውማን ሄር አይጨምሩ፤ ዊግም በሙጫ አያስለጥፉ። መሠራት ግድ ከሆነ ወፈር ወፈር ያለ፣ ላላ ያለና የግንባሩን ዳር የማይነካ ይሁን። ያመመ፣ ዳሩ ላይ ብጉር ያወጣ ወይም ማስታገሻ ሳይዋጥ የማያስተኛ ሹሩባ በዚያው ቀን ይፈታ። በኬሚካል ያለሰለሱት ፀጉር ደካማ ነውና በዚያው ሳምንት አይሠሩበት። ሻሽና ሂጃብ በራሳቸው ፀጉር አያረግፉም፤ የሚጎዳው ዘወትር አንድ መስመር ላይ የሚያርፈው ከሥር ያለው ጥብቅ ላስቲክ ነው።

ቅቤና የጉሎ ዘይት ፀጉሩ እንዳይሰባበር ያግዛሉ እንጂ አዲስ ፀጉር አያበቅሉም። ነጭ ሽንኩርት ማሸት ግን እንዳያስቡት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ቁስሉም ራሱ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ሚኖክሲዲልን ጡት እስኪያስጥሉ ያቆዩት። ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል፤ ሕፃኑም ቆዳዎን ሲነካ ሊደርሰው ይችላል። ሲጀምሩ ባለ 2 በመቶውን ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ ወይም ባለ 5 በመቶውን አረፋ በቀን አንዴ ይጠቀሙ። ፀጉሩን ከፍለው የደረቀ ቆዳ ላይ ብቻ ያድርጉት፤ እጅዎን ይታጠቡ፤ ለአራት ሰዓት ራስዎን አይታጠቡ። የማታውን ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይቀቡ፤ አለዚያ ከትራስ ወደ ፊት ይዛመትና ጉንጭ ላይ ፀጉር ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 8 ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል። ብዙዎች «አባሰብኝ» ብለው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው ወርዶ ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ስለሆነ አያቁሙ። ከአራት ወር በፊት ለውጥ አይጠብቁ። በየወሩ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ይነሱ፤ መስታወት በየቀኑ ሲያዩት አይነግርም። ለሹሩባ ጉዳት ያለው ማስረጃ ለዘር በራነት ካለው ያነሰ መሆኑንም ይወቁ።

ዳሩ ከቀላ ወይም ብጉር ካለው ሐኪም ለአጭር ጊዜ የስቴሮይድ ቅባት ወይም መርፌ ሊያዝ ይችላል። ክሎቤታሶል የተባለውን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ግን ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይቀቡ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል።

የባለቤትዎ የዘር በራነት ሳይሆን አይቀርም። ለወንድ ባለ 5 በመቶ ሚኖክሲዲል 1 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለቴ፣ ወይም በሐኪም ትዕዛዝ ፊናስተራይድ የተባለው እንክብል 1 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይሰጣል። ሁለቱም ካቆሟቸው በወራት ውስጥ የተገኘው ፀጉር ተመልሶ ይረግፋል። ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስሜትም ሊያጨልም ይችላል። የፕሮስቴት ምርመራውን (ፒኤስኤ) ቁጥርም በግማሽ ገደማ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ምርመራ ሲያደርግ መውሰዱን ይናገር። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን እንክብል መንካት የለባትም። የሚኖክሲዲሉን ጠርሙስ ልጁ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፤ ሕፃን ጥቂት እንኳ ከጠጣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ባለቤትዎም ቅባቱ ሳይደርቅ ሕፃኑን አይቀፉ።

ንቅለ ተከላ አሁን አይታሰብም፤ ጉተታው ካልቆመ የተተከለውም አብሮ ይሄዳል። ከራስ ደም ተዘጋጅቶ የሚወጋው ፒአርፒም ተደጋጋሚና ውድ ነው፤ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ክብ ክብ ላሽ ከወጣ፣ ወይም አናትዎ እያሳከከና እያቃጠለ ከሳሳ ሳይዘገዩ ወደ ደሴ ይውጡና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ይታዩ። ሲሄዱ ሹሩባውን ፈተው፣ በዚያ ቀን ቅባት ሳይቀቡ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ ቆዳው ተሸፍኖ ወይም በቅቤ ተለውሶ ከመጡ ሐኪሙ ቀዳዳዎቹን ማየት አይችልም።